ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ የደም ውጤቴ «ጥሩ ነው» ተባለ፣ ድካሙ ግን ሊለቀኝ አልቻለም

ቀላል_ልሁን

ሰላም ለሁላችሁ። ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ምግቡን በአቋራጭ ወደ አንጀት የሚያደርሰውን ቀዶ ጥገና) ከተሰራሁ ዓመት አለፈኝ። ክብደቱ ወርዷል፣ የስኳር መድኃኒቴን በሐኪም ትእዛዝ አቁሜአለሁ፣ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ችግሬ ድካም ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ከሰዓት በኋላ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። ሰሞኑን ደሞ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር።

የዓመቱን የደም ምርመራ ሰጠሁ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አደረገና «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥይ» አለኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን ሁለት ቦታ ኮከብ አለው። ሌላው ሁሉ በኖርማሉ ውስጥ ነው ይላል። መጀመሪያ የስድስት ወሩን፣ ቀጥሎ የአሁኑን እጽፍላችኋለሁ።

ሄሞግሎቢን፦ 13.6 ነበር፣ አሁን 12.4
ኤምሲቪ፦ 89 ነበር፣ አሁን 88
አርዲደብልዩ፦ 13.5 ነበር፣ አሁን 16.8 ኮከብ
ፌሪቲን፦ 61 ነበር፣ አሁን 14 (ላቡ፣ ማለት ላቦራቶሪው፣ ከ13 እስከ 150 ኖርማል ነው ይላል)
ቢ12፦ 410 ነበር፣ አሁን 238 (ከ200 በላይ ኖርማል ይላል)
ቫይታሚን ዲ፦ 31 ነበር፣ አሁን 22 (ከ20 በላይ ኖርማል ይላል)
ካልሲየም፦ 9.3 ነበር፣ አሁን 9.1
ፒቲኤች፦ 48 ነበር፣ አሁን 82 ኮከብ

የሚያነብልኝ ሰው አለ?

ዝም_ያለው

እህቴ፣ ሐኪሙ ጥሩ ነው ካለሽ ጥሩ ነው። ያን ያህል ኪሎ የቀነሰ ሰው መድከሙ ምን ይገርማል? የምትበይው እኮ ትንሽ ነው። ወረቀት ላይ ቁጥር ማሳደድ ጭንቀት ብቻ ነው የሚያተርፈው።

የላቦራቶሪው_ሰው

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሥራዬ ላብ ውስጥ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ ግን ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ኮከቡ። ላቡ የሚያስቀምጠው ክልል አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ጤነኛ ከሚባሉ ሰዎች ውጤት ነው፤ የመሃሉ 95 ከመቶ «ኖርማል» ይባላል። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ሰውም ሃያ ዓይነት ምርመራ ከሰጠ አንድ ኮከብ ቢያገኝ አይገርምም። ተገላቢጦሹም እውነት ነው፦ ኮከብ የሌለው ቁጥር ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ማሽኑ አንጀትሽ ተቆርጦ መቀጠሉን አያውቅም። ባለፈው ጊዜ ስንት እንደነበርሽም ኮከቡን ሲያስቀምጥ አያስታውስም።

አሁን የእህታችንን ፌሪቲን እዩት። ፌሪቲን የብረት መጋዘኑ መለኪያ ነው። ከ61 ወደ 14 በጥቂት ወራት! 14 ከ13 በአንድ ስለበለጠ ብቻ ኮከብ አላገኘም። ከ30 በታች ሲሆን ብዙ ሐኪሞች መጋዘኑ እንዳለቀ ነው የሚቆጥሩት። ሄሞግሎቢን የሚወርደው በመጨረሻ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ያጠራቀመውን ይጨርሳል፣ ከዚያ በደም የሚዘዋወረው ብረት ያንሳል፣ ደም ማነሱ ወረቀት ላይ የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «ደም ማነስ የለብሽም» እና «ብረት አላነሰሽም» ሁለት የተለያዩ አረፍተ ነገሮች ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ኤምሲቪው ነው። እሱ የቀይ ደም ሴሎችን አማካይ መጠን ነው የሚለካው። ብረት ሲያንስ ሴሎቹ ያንሳሉ። ቢ12 ወይም ፎሌት ሲያንስ ይተልቃሉ። ሁለቱም አብረው ሲያንሱስ? ትንንሹና ትልልቁ ተደባልቆ አማካዩ 88 ይመጣል፣ በጣም ያማረ ኖርማል! ሴሎቹ ምን ያህል እንደተዘበራረቁ የሚናገረው አርዲደብልዩ ግን ወደ 16.8 ወጥቷል። ያ ኮከብ በከንቱ የተቀመጠ አይመስለኝም። የእግር ጣት መደንዘዝ ስትጨምሪበት ደግሞ የቢ12ን ነገር ማጣራት ግድ ነው።

ቀላል_ልሁን

እሺ ግን ቢ12 238 ከ200 በላይ አይደለም እንዴ?

ነርሷ_ነኝ

በላይ ነው፤ ግን ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ቦታ ነው፣ በተለይ ምልክት ላለበት ሰው። እንዲህ ሲሆን ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባል ምርመራ ይታዘዛል። ሴሎችሽ ውስጥ ቢ12 በእውነት ሲጎድል ይህ አሲድ ይጨምራል። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ላይ ስለሚጨምር እሱ አብሮ ይታያል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቢ12 ከምግቡ ተላቅቆ እንዲወጣ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ጨጓራ ከሚያመነጨው ኢንትሪንሲክ ፋክተር ጋር ተጣብቆ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው ወደ ደም የሚገባው። ባይፓስ ላይ ምግቡ ትልቁን የጨጓራ ክፍል ጭራሽ አያገኘውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያጠራቅም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም ሰው ውጤቱ ያማረ ነው፣ «እኔ አያስፈልገኝም» ብሎ ክኒኑን የሚተወውም ያኔ ነው።

እና እባክሽ፣ ጣቶችሽ እየደነዘዙ ሳለ ፎሊክ አሲድ (የፎሌት ክኒን) ብቻ ገዝተሽ እንዳትወስጂ። ደሙን ያስተካክለዋል፣ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ነርቭ ብዙ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ይሄ ለሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ የሚቆይ ነገር አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ደውዪ።

ስሊቭ_ወንድም

እኔ ስሊቭ ነኝ፣ ጨጓራዬ ብቻ ነው የተቆረጠው፣ አንጀቴ አልተነካም። እናንተ ባይፓሶች ናችሁ እንጂ እኛን ይሄ አይመለከተንም ተብዬ ነበር። ልክ ነው?

ነርሷ_ነኝ

ግማሽ ልክ ነው። አንጀትህ አልተነካም፣ ግን ከተቆረጠው ጨጓራ ጋር አሲድ እና ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚያመነጩት ሴሎች አብዛኛዎቹ ሄደዋል። አሲድ ሲያንስ ብረትም በደንብ አይገባም። በዚያ ላይ ብዙ ስሊቮች ለቃር አሲድ የሚቀንስ ክኒን ይወስዳሉ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድም አለ፤ ሁለቱም ቢ12ን ወደ ታች ይጎትታሉ። ምርመራው ለአንተም ነው፦ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ። ይሄ የተለመደው መርሐ ግብር ነው፣ ሐኪምህ ሊያቀራርበው ይችላል።

ባለ_ሁለት_ልጅ

ስለ ፒቲኤች ማንም አላወራም! እኔም ላይ ወጥቶ ነበር። «ካልሲየምሽ ኖርማል ነው፣ አትጨነቂ» ተባልኩ።

የላቦራቶሪው_ሰው

ካልሲየሙ ኖርማል የሆነው እኮ ፒቲኤች ስለጨመረ ነው! ሰውነት የደም ካልሲየም እንዲወርድ በቀላሉ አይፈቅድም፣ ልብና ጡንቻ የሚሠሩት በሱ ነው። ከምግብ በቂ ካልገባ ወይም ቫይታሚን ዲ አንሶ አንጀት ካልሳበው፣ አንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ እጢዎች ሆርሞናቸውን፣ ማለት ፒቲኤችን፣ ይጨምሩና ከአጥንት ያስወጣሉ። አጥንት እንደ ቁጠባ ሂሳብ ነው፤ ደሙ ኪሱ ሙሉ ይመስላል፣ ቁጠባው ግን እየተመዘዘ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በኋላ ካልሲየምን ብቻውን ማየት ብዙም አይነግርም። ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ፒቲኤች ሦስቱም አንድ ላይ መታየት አለባቸው። አልቡሚንም ይጨመር፣ ምክንያቱም ከደም ካልሲየም ግማሽ ያህሉ የሚጓዘው ከፕሮቲን፣ በተለይ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ነው፤ አልቡሚን ሲወርድ ሥራ የሚሠራው ነፃ ካልሲየም ሳያንስ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታያል።

የእህታችን ሥዕል እንግዲህ ይሄ ነው፦ ዲ 22፣ ፒቲኤች 82፣ ካልሲየም ምንም አልሆነ። ላቡ ለዲ 20ን ኖርማል ቢልም ለተሰራ ሰው የሚፈለገው ከ30 በላይ ነው።

ነርሷ_ነኝ

ቀላል_ልሁን፣ ክኒኖችሽን እንዴት ነው የምትወስጃቸው? መቼ፣ ከምን ጋር?

ቀላል_ልሁን

እንዳልረሳ ሁሉንም ጠዋት በአንድ ላይ። መልቲቫይታሚን፣ አይረን፣ ካልሲየም። ከቡና ጋር 🙈 ካልሲየሙ ካርቦኔት ነው የሚለው።

ነርሷ_ነኝ

ይኸው! ካልሲየምና ብረት አንዱ የሌላውን መግቢያ ያጣብባሉ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቡናና ሻይም ብረትን ይይዙታል፣ ከአይረን ክኒን አርቂያቸው። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል፣ አንቺ ጋ ያለው አሲድ ትንሽ ነው። ሲትሬት የሚባለው ያለ አሲድም ይገባል፣ ለዚህ ነው የሚመረጠው። በአንድ ጊዜ ከ500 ወይም 600 ሚሊግራም በላይ አንጀት በደንብ አይቀበልም፣ ስለዚህ ለስሊቭና ለባይፓስ የሚመከረው በቀን ከ1200 እስከ 1500 ተከፋፍሎ ነው የሚወሰደው።

ስለ ብረት፦ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶችና ለባይፓስ ሰዎች ለመከላከያ የሚመከረው በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት ነው። «ንጹሕ» የምለው ፓኮው ላይ 325 ሚሊግራም ፈረስ ሰልፌት ቢልም ውስጡ ያለው ብረት 65 ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። አንዴ መጋዘኑ ካለቀ ግን ይሄ መጠን ላይበቃ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው በክኒን ጭራሽ አይነሳለትም፣ በደም ሥር ይሰጠዋል። ያን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ብረቱ የት እንደሚሄድም ይጠይቁሽ፦ የወር አበባሽ በዝቷል? ሰገራሽ ጠቁሯል? አይረን ክኒኑ ራሱም ያጠቁረዋል፣ ግን አትገምቺ፣ ተናገሪ። ለራስ ምታት ኢቡፕሮፌን ትወስጃለሽ? ባይፓስ ላይ ይሄ መድኃኒት መገጣጠሚያው ላይ ቁስል ሊያመጣና ቀስ እያለ ሊያደማ ይችላል።

ዝም_ያለው

ይሄን ሁሉ ካልሲየም መዋጥ ግን የኩላሊት ጠጠር አያመጣም?

የላቦራቶሪው_ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባይፓስ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስብ በደንብ ሳይፈጭ ወደ ታች ሲወርድ ካልሲየሙን ይዞ ይሄዳል፣ ከምግብ የሚመጣው ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ብቻውን ይቀርና ወደ ደም፣ ከዚያ ወደ ኩላሊት ይገባል። ጠጠሩ የሚሠራው እዚያ ነው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ካልሲየም ሲትሬት ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ቀድሞ ጠጠር የነበረበት ሰው ግን ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር። ውኃም ይጠጣ።

እማማ_ብርቱ

ልጆቼ፣ እኔ ደግሞ ፌሪቲኔ 310 ነው። ብረት በዛብሽ አሉኝና ክኒኑን አቆምኩ። ድካሙ ግን እንደ እናንተው ነው። ምርመራውን የሰጠሁት ሳንባ ምች ይዞኝ በነበረበት ሰሞን ነው።

የላቦራቶሪው_ሰው

እማማ፣ ይማርዎት። ፌሪቲን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ሰውነት ሲታመም፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር፣ ብረት ባይበዛም ይወጣል። ጉበት ላይ ስብ ሲኖርም እንደዚያው። ስለዚህ ያኔ የተለካው 310 ስለ ብረትዎ ብዙ ላይናገር ይችላል። ሲሻልዎት ድጋሚ ይለኩ። ሲአርፒ የሚባለውን የብግነት መለኪያና የትራንስፈሪን ሳቹሬሽንን (በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል በብረት እንደተሞላ የሚያሳየውን) አብረው ያሠሩ። ሳቹሬሽኑ ከ20 ከመቶ በታች ከሆነ፣ ፌሪቲኑ ቢያምርም ብረት ሊጎድል ይችላል። ለዚህ ምርመራ ጠዋት በባዶ ሆድ ይሂዱ፣ የዚያን ቀን አይረን ሳይውጡ። ክኒን ከዋጡ በኋላ የሚለካ ብረት የክኒኑን ነው የሚናገረው።

እማማ_ብርቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ሰኞ እሄዳለሁ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ከተሰራሁ አምስት ሳምንቴ ነው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት የበላሁት ሁሉ ይመለሳል፣ ቫይታሚኑም አይቆይልኝም። ከትናንት ጀምሮ ስራመድ እወላገዳለሁ፣ ነገሮች ድርብ ሆነው ይታዩኛል። የሦስት ወሩን የደም ምርመራ ልጠብቅ ወይስ ቀደም ብዬ ላሠራ?

ነርሷ_ነኝ

አትጠብቅ። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ሰው ይዘህ ሂድ፣ መኪና አትንዳ።

ስትደርስ በአጭሩ እንዲህ በል፦ «የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስመልሶኛል፣ ድርብ አያለሁ፣ መራመድ አቅቶኛል፣ ቲያሚን ጎድሎኝ ይሆን?» ቲያሚን ቢ1 ነው። እንደ ቢ12 ለዓመታት አይጠራቀምም፣ ምግብ ከተቋረጠ በሁለት ሦስት ሳምንት ያልቃል። ሲያልቅ አንጎልን ይጎዳል፤ ዓይን፣ ሚዛንና ማስተዋል ላይ ነው የሚታየው። የላብ ውጤቱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም፣ በጥርጣሬ ብቻ በደም ሥር ይጀመራል። ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ሊሰጡህ ከሆነ ደግሞ ቲያሚኑ እንዲቀድም አስታውሳቸው፤ ስኳሩ የቀረችህን ቲያሚን ይጨርሳታል።

መልስ ለመጻፍ አትቆይ። ውጣ።

ባለ_ሁለት_ልጅ

ኧረ ወንድሜ ደርሰህ ጻፍልን።

ስሊቭ_ወንድም

እሱ እስኪጽፍ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ቫይታሚን ዲዬ 58 ነው፣ ከ30 በላይ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ወረቀቱን ሳየው ናኖሞል በሊትር ይላል። የናንተው ምንድን ነው?

የላቦራቶሪው_ሰው

እኛ ስናወራ የነበረው በናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። የአንተን ለ2.5 አካፍለው፣ 23 ነው የሚመጣው። ስለዚህ ደስታህን ትንሽ አቆየው 😅 ቢ12ም በሁለት መለኪያ ይመጣል፤ ፒኮሞል በሊትር ከሆነ ቁጥሩ ከፒኮግራሙ ያነሰ ነው የሚታየው፣ 200 ፒኮግራም 148 ፒኮሞል ያህል ነው። ላብ ስትቀይሩ መለኪያውን ሳታዩ ከአሮጌው ወረቀት ጋር አታወዳድሩ። ከተቻለ ደግሞ በአንድ ላብ ተከታተሉ።

ዝም_ያለው

እሺ፣ ለማንኛውም ብዬ ዚንክ መጨመር ጀምሬአለሁ፣ ፀጉሬ እየረገፈ ነው። በቀን 50 ሚሊግራም። ይሄስ?

ነርሷ_ነኝ

ከተሰራህ ስንት ወርህ ነው? ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚረግፈው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ በፍጥነት መውረዱ የሚያመጣው ነው፣ ይመለሳል። ፕሮቲንህንና ፌሪቲንህን እይ። ዚንክን ግን ዝም ብለህ አትጨምር፤ ብዙ ዚንክ መዳብን ያስወጣል። መዳብ ሲያንስ ደም ማነስ፣ የነጭ ደም ሴል መቀነስ፣ የእግር መደንዘዝ ይመጣል፣ በትክክል ቢ12 ያነሰው ሰው ይመስላል፤ ቢ12 እየተወጋ የማይሻለው ሰው ሲገኝ መዳብ የሚለካው ለዚህ ነው። የሚመከረው ለአንድ ሚሊግራም መዳብ ከ8 እስከ 15 ሚሊግራም ዚንክ ነው። አንተ ብቻውን 50 እየዋጥክ ነው።

ዝም_ያለው

አምስት ወሬ ነው። አቆምኩት በቃ።

አዲስ_ገቢ

ወንድሙ ነኝ የምጽፈው። ተኝቷል። ቲያሚን በደም ሥር ጀምረውለታል፣ ከዚያ ነው ሌላው ፈሳሽ የተሰጠው። የሚያስመልሰው ጨጓራው አንድ ቦታ ጠቦ ነው ብለው ነገ በካሜራ ያዩታል። ዛሬ ዓይኑ ትንሽ ተሽሎታል። እናመሰግናለን።

እማማ_ብርቱ

ተመስገን! ይማርልን።

ቀላል_ልሁን

እፎይ። እኔም ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየኋት። «ኮከቡን ተዪውና አቅጣጫውን እይ» አለችኝ፣ እናንተ ያላችሁትን። ሜቲልማሎኒክ አሲዱ ከፍ ብሎ ወጣ። ቢ12 በመርፌ ተጀመረ፣ ካልሲየሙ ወደ ሲትሬት ተቀየረ፣ ዲው ጨመረ፣ አይረኑ ማታ ሆነ። ብረቱ በስምንት ሳምንት ካልተነሳ በደም ሥር እንሰጥሻለን አለች። የስኳር መለኪያዬ ደግሞ 6.1 ነበር፣ የሦስት ወሩ አማካይ የሚባለው። ብረት ሲያንስ ይሄ ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ብረቱ ሲስተካከል እንደግመዋለን ብላለች። ይሄን አላውቅም ነበር።

ባለ_ሁለት_ልጅ

እሱን ካነሳሽ፣ እኔ ሦስተኛውን አርግዣለሁ፣ ከባይፓስ በኋላ። የስኳር ውኃ ጠጪና እንለካ አሉኝ።

ነርሷ_ነኝ

እንኳን ደስ አለሽ! ግን ባይፓስ መሆንሽን በግልጽ ንገሪያቸው። ያ የስኳር ውኃ በቀጥታ አንጀት ውስጥ ስለሚገባ ማላብ፣ ማዞር፣ ልብ መምታት፣ ከዚያም የስኳር መውረድ ሊያመጣብሽ ይችላል። በእሱ ፈንታ ለአንድ ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ በጣት መለኪያ መከታተል ይቻላል። የቫይታሚን ምርመራሽም በእርግዝና ጊዜ በየሦስት ወሩ ይሁን። መልቲቫይታሚንሽ ላይ ያለው ቫይታሚን ኤ ሬቲኖል ነው ወይስ ቤታ ካሮቲን የሚለውንም አሳዪያቸው፤ በእርግዝና የሚመረጠው ቤታ ካሮቲኑ ነው።

ስሊቭ_ወንድም

የመጨረሻ ጥያቄ ከእኔ። የታይሮይድ ምርመራዬ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) በጣም ዝቅ፣ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው) ከፍ ብሎ መጣ። ታይሮይድህ በዝቷል ተባልኩ። ምንም ምልክት ግን የለኝም።

የላቦራቶሪው_ሰው

ለፀጉር የሚሸጠውን ባዮቲን ትወስዳለህ?

ስሊቭ_ወንድም

አዎ፣ 10 ሺህ ማይክሮግራም የሚለውን። ምነው?

የላቦራቶሪው_ሰው

ብዙ ማሽኖች የሚሠሩት በባዮቲን ነው። ደምህ ውስጥ ብዙ ባዮቲን ሲኖር ምርመራው ይሳሳትና የታይሮይድ በሽታ ያለብህ ያስመስላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል፤ ለድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለካው ትሮፖኒን እንኳ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ፒቲኤችንም በአንዳንድ ማሽን ያዛባዋል። ባዮቲኑን ለሦስት ቀን ያህል አቁምና ታይሮይዱን ድገመው፣ ደም ሲቀዱህም ትወስድ እንደነበር ንገራቸው። የታይሮይድ መድኃኒት ታዞልህ ከሆነ ድጋሚው ሳይመጣ ከመጀመርህ በፊት ለሐኪምህ ደውል።

ስሊቭ_ወንድም

ታዞልኛል፣ ገና አልገዛሁትም። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።